የአራስ ቅቤ

በሱሉልታ የሚታለብ ወተት ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ የአንድ የሱፐርማርኬት ድርጅት ነው ከተባለ ሦስት ዓመት ሆነው። በየላሙ አንገት የታሰረው ኤሌክትሮኒክ ማሰሪያ አንድ ጭልፋ እንኳ ለቤት ከቀረ ለድርጅቱ ይናገራል። የጥሩወርቅ ጎረቤት ስንዱ ግን ወልዳለች፤ አራስ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ስለዚህ ጥሩወርቅ የገዛ ላሟን ቅቤ ከሱፐርማርኬቱ ገዝታ ሄደች።

ልጇን ልታርስ ከጎጃም የመጣችው የስንዱ እናት ገንፎውን እያገላበጠች እሽጉን አየችው።

«የኔ እህት፣ ላምሽ ነጠፈች እንዴ?»

«ኧረ፣ ጧት ማታ ትታለባለች።»

«ታዲያ ይሄ የሱቅ ቅቤ ምንድን ነው?»

«የሷው ነው፤ ወተቷን የሚወስደው ሱፐርማርኬቱ ነው።»

ሴትዮዋ ቅቤውን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። «ወተትሽን ወስደው ምን ሰጡሽ?»

«አምራች ነሽ ብለው» አለች ጥሩወርቅ፣ «ፌስታሉን መረቁልኝ።»