የኤንትሬው ኒኬል

«በእኔ እጅ የማይቃና ብረት ገና አልተሠራም» ትል ነበር የሹፌሩ ልጅ፤ አንድም ሰው ሳይጠይቃት።

አባቷ ከታሰረ ወዲህ ግን ማልቀሱንም መሳቁንም ትታዋለች። ሚኒባስ ገጭተሃል ብለው ነው የያዙት። እሱ ደግሞ «ሚኒባሱ ነው ከጎን የገባብኝ» ይላል። አሮጌው የጭነት መኪናው፣ ኤንትሬው፣ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቆሟል። የተጎዳው የጎኑ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ኒኬሉ፣ ብቻ ነው፤ አባቷ ጠዋት ጠዋት እንደ ልጅ ፊት የሚወለውለው ኒኬል ሰርጉዷል።

ቅዳሜ ኒኬሉን ፈታችው። ከኋላው ጣውላ ደግፋ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አባቷ ሲያደርግ እንዳየችው ከጠርዝ ወደ መሃል ቀስ እያለች መታችው። ቀና። መልሳ ገጠመችውና ወለወለችው። ፊቷ ታያት።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ሻረው የተመታውን ቦታ አይቶ እንዲመሰክር ትራፊክ ፖሊስ ይዞ መጣ። ፖሊሱ ኒኬሉን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው።

«ከጎን ተመታ ያላችሁት የታለ?»

አጎቷ ዞሮ አያት።

«እኔ ነኝ ያቃናሁት» አለች። «አባዬ ሲፈታ አዲስ ሆኖ ይጠብቀው ብዬ። አያምርም ጋሼ?»

«በጣም ያምራል» አላት አጎቷ። «በይ አሁን ለአባትሽ ብርድ ልብስ ውሰጂለት፤ እንግዲህ እዚያው ነው።»