ቀይዋን መኪና በአሮጌ ሚኒባስ የለወጠው ሙሽራ

«ደም ነው!»

መብሩካ የሚኒባሱን በር እንደያዘች ደርቃ ቀረች...

የኋላው ወንበር ላይ የደረቀ ደም። ወለሉ ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ። ከወንበሩ ስር ደግሞ ጋቢ!

መኪናው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ልጇ!

ወገኖቼ፣ ልጇን የህያን ቡራዩ ውስጥ የማያውቀው የለም። አባቱ ትቶለት ያለፈውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ቀጥ አድርጎ የያዘ ልጅ ነው። ቀይ፣ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ነበረችው... አቤት ስታምር! ውስጧ ኦቾሎኒ እንኳን አያስበላም። ድምጿ ከአስፋልቱ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን ያወጣል።

ታዲያ ከወር በፊት ያቺን የመሰለች መኪና በአሮጌ ሚኒባስ ለውጦ ግቢ ገባላችኋ!

«ምን ነካህ አንተ ልጅ? ከሰርክ እንዴ?»

«አልከሰርኩም እማ። ሰፊ ነው ብዬ ነው።»

«ለማን ነው ስፋቱ? ገና እጮኛህን ሚንሃን እንኳን መቼ አገባህና!»

ሳቅ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ...

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልለት ምሳውን ትቶ ይወጣል። የት እንደሚሄድ አይናገርም።

ጊዜው ደግሞ 2008 ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ረብሻ። ጠዋት ክፍት የነበረው መንገድ ከሰዓት በድንጋይ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል። እናት የሆነች ሁሉ ልጇ እስኪገባ በር በሩን ነው የምታየው።

እና አሁን ይሄ ደም!

«ሰው ገጭቶ ይሆን? ወይስ ቁስለኛ እያመላለሰ ነው? ቢይዙብኝስ?... ሰርጉ አስር ቀን ቀርቶት!»

የህያ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ገብቶ ተኝቷል። አልቀሰቀሰችውም።

ቁልፉን ከኪሱ መንትፋ፣ መኪናዎቹን ያለዋወጠውን ደላላ የሱፍን ጠራችው።

«ንዳ! መናገሻ ከወሰዳት ሰውዬ ዘንድ ሄደን ቀይዋን እናስመልሳለን። ይሄን ጉድ ከግቢዬ አውጣልኝ!»

«እትዬ መብሩካ፣ የተፈረመ ውል እኮ አለ...»

«ንዳ አልኩህ!»

ከቡራዩ ብዙም ሳይርቁ መንገዱ ተዘግቷል። ድንጋይ፣ ጭስ፣ ዱላ የያዙ ጎረምሶች...

በዚያ ሰሞን ባለመኪና ሁሉ የመኪናው ግንባር ላይ ለምለም ቅጠል ይሰካ ነበር። «ከእናንተ ጋር ነን፣ አሳልፉን» ለማለት። መብሩካ በዚያ ንዴቷ ቅጠል የት ትዝ ብሏት!

ባጫ የሚባል ረጅም ጎረምሳ መስኮቱን በዱላው መታው።

«ዻቢ! አቁም! የኦቦ የህያን መኪና የት አገኛችሁት? ሰርቃችሁት ነው አይደል?»

ኧረ ጉድ! ያ ወሬኛ ደላላ ወንበሩ ውስጥ ተሸጎጠ።

«እናቱ ነኝ!» ብላ ጮኸች መብሩካ። «እኔ ነኝ የወለድኩት!»

ዱላው ወረደ።

«እናቱ ናት! ድንጋዩን አንሱ!» አለ ባጫ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። ከዚያ ሳያስፈቅድ የኋላውን በር ከፈተው። «አዴ፣ ፈጣሪ ነው ያመጣዎት። ኔትወርክ ጠፍቶ ልጅዎን ማግኘት አልቻልንም!»

ምጥ የያዛት ሴት ተሸክመው አስገቡ። እናቷ ተከትላ ገባች። ማሪቱ የምትባል ወጣትም ዘላ ገብታ ላስቲኩን አነጠፈች፣ ጋቢውን ጎትታ አወጣች... የቤቷ ዕቃ ይመስል የት እንዳለ ታውቃለች!

የሱፍ መኪናውን አዙሮ ወደ ጤና ጣቢያው በረረ። መብሩካ ሳታስበው ወደ ኋላ ተሻግራ ምጥ የያዛትን ሴት ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደገፈች።

«አንቺ... ልጄን የት ታውቂዋለሽ?» አለቻት ማሪቱን።

ማሪቱ አንገቷን ደፋች።

«ከሁለት ወር በፊት ምጥ የያዘኝ እኔ ነበርኩ፣ እማማ። አምቡላንስ ማለፍ አልቻለም። የህያ በቀይዋ መኪና ደረሰልኝ... ግን ሌላ ሰው አትይዝም። እናቴ መንገድ ላይ ቀረች። መተኛ የለ፣ የሚይዘኝ ሰው የለ... እሱ መሪ ይዟል። እዚያው ተጣጥፌ ወለድኩ።»

«ልጁስ?»

«አልተረፈም።»

ማሪቱ ጋቢውን ሴትየዋ ላይ ደረበች...

«የህያ ቀብሩ ላይ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ከዚያ ይሄን መኪና ይዞ መጣና "ከእንግዲህ እናት መንገድ ላይ አትቀርም" አለ። እኔም ማንም ብቻዋን እንዳትወልድ አብሬ እሄዳለሁ። ይህቺ ሰባተኛዋ ናት።»

መብሩካ የሴትየዋን ግንባር በነጠላዋ ጠረገች። ያ ደም... እሷ የፈራችው ያ ሁሉ ደም!

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሕፃኗ ተወለደች። ጩኸቷ! የሱፍ ሳይቀር አለቀሰ።

«እትዬ፣ ወደ መናገሻ ልንዳ?» አለ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ወደ ቤት! ደግሞ ቅጠል ቁረጥና ግንባሩ ላይ ስካ!»

ቤት ስትደርስ የህያ ባዶ እግሩን ከግቢ እየሮጠ ወጣ። ቀሚሷን አየ... በደም ተነክሯል።

«እማ! ምን ሆንሽ? ማን ነካሽ?»

«ዝም በል! ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ልጁ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ረብሻ ውስጥ ገባህ ብለሽ እንዳታስቀሪኝ ፈርቼ።»

«ሚንሃስ ታውቃለች? ቤተሰቦቿ ከሰረ ቢሉስ?»

«ለውጠው ያለችኝ እሷ ናት እማ። "እናትን መንገድ ላይ በምታስቀር መኪና ሙሽራ አልሆንም" ብላ።»

በአስረኛው ቀን ሚንሃ በዚያ አሮጌ ሚኒባስ መጣች! ግንባሩ ላይ ለምለም ቅጠል፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ማሪቱና ቀደም ብለው የወለዱት ስድስቱ እናቶች እልልታቸውን ያቀልጡታል... መብሩካማ ከሁሉም በላይ!

አያችሁ ወገኖቼ... እኛ ሰው ወደቀ፣ ከሰረ፣ ተበላሸ ስንል፣ እሱ ለሌላ ሰው ቦታ እያሰፋ ሊሆን ይችላል። የተኛውን ልጅ ቀስቅሶ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ!

እስቲ እናንተ ሳትዋሹ ንገሩኝ... ለማታውቁት ሰው ስትሉ በጣም የምትወዱትን ዕቃ ትለውጣላችሁ? የትኛውን?