ኮሽ የሚለውና ዝም የሚለው

ጠብመንጃ ጠጋኙ ደንበኛው ከበሩ ተነሥቶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ መዝኖ የሚጨርስ ሰው ነበር። ሚዛን የደፋለት ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልተገኘም። መሣሪያ የሚያስጠግኑትን ፖሊሶች ዱላ ይበቃችኋል ይላቸዋል። አዳኞቹን ደግሞ እናንተ ስትተኩሱ ደኅናው ቦታ ዒላማው ሥር መቆም ነው ይላቸዋል።

ልብስ ሰፊው የገባው ከምሳ በፊት ነው። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ከጉሮሮው አያልፍም፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት መጥቷል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በሁለት እጁ አቅፏል። ክዳኑ ሲከፈት ጥይት ነው። ወታደር የነበረው አባቱ ከጦሩ ሲሰናበት ከነጠብመንጃው ይዞት የመጣ፣ አልጋ ሥር ሲያረጅ የኖረ ጥይት።

«ጋሼ፣ የሚተኮሰውን ከማይተኮሰው ይለዩልኝ» አለ። «እኔማ አሳቤ...»

«አሳብህን ለስፌት መኪናህ ንገራት» አለ ጠጋኙ። «እኔ ቆርቆሮውን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ልብስ ሰፊው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

ጠጋኙ አሳቡን መስማት ምን ያስፈልገዋል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊው ከጎረቤቱ ከመካኒኩ ጋር በአጥር ተካሶ ተረትቷል። መካኒኩም ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በጥፊ አጩሎታል። ልብስ ሰፊው እጁን እንኳ አላነሣም። አሁን ደግሞ የአባቱን ጥይት ተሸክሞ የትኛው እንደሚገድል ይጠይቃል። መካኒኩ ክፉ ቢሆንም ትንንሽ ልጆች አሉት።

ጠጋኙ አንዱን ጥይት አነሣ። ቂጡ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ምልክትና ዓመት በአውራ ጣቱ ጠርጎ አነበበ። አንገቱ እንዳልተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ዝገት እንዳልበላው አየ። ቀጥሎ ጆሮው ሥር አድርጎ ወዘወዘው። የዚህ ዓይነቱ የድሮ የጦር ጥይት ምልክቱ አንድ ይሁን እንጂ አኗኗሩ አንድ አይደለም። በደረቅ የኖረው ባሩዱ እንደተበተነ ስለሚቆይ ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ያ ይተኮሳል። እርጥበት የገባው ባሩዱ ጓጉሎ ዝም ይላል፤ ያ አልቆለታል። ይህን የሚያውቅ በከተማው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ እንደዚያ ያምናል።

በልቡ «ጌታዬ፣ በእኔ እጅ ደም አይፍሰስ» ብሎ ጸለየ። ጸሎቱን ሳይጨርስ መላው መጣለት።

ዝም የሚሉትን በአንድ ወገን፣ ኮሽ የሚሉትን በሌላ ወገን ከመረ። ዝምተኞቹን ወደ ልብስ ሰፊው ገፋ አደረጋቸው።

«ደኅኖቹ እነዚህ ናቸው። ባሩዳቸው ጥቅጥቅ ስላለ ድምፅ አያወጡም። እነዚህ የሚንኮሻኮሹት ግን ውስጣቸው ፈራርሷል። ሞተዋል።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ምንም አያደርጉም?»

«መካኒኩ በጥፊ ሲልህ አንተ ያደረግኸውን ያህል ያደርጋሉ» አለ ጠጋኙ። «እሳት ውስጥ ብትጨምራቸው እንኳ ትፍ አይሉም።»

የልብስ ሰፊው ፊት ደም መሰለ። ሁለቱን ክምር በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ለያይቶ ቋጠረ። ጠጋኙ የሞቱትን እዚሁ ተዋቸው፣ እኔ እጥላቸዋለሁ ቢለው፣ አይ፣ ይፈለጋሉ ብሎ አመስግኖ ወጣ። በሞተ ጥይት እንኳ የማይጨክን ቋጣሪ፣ አለ ጠጋኙ በልቡ።

ምሳ ላይ ነገሩን ለሚስቱ አወራላት። ሚስቱ ለታናሽ ወንድሙም ቢነግረው እንደሚሻል፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ወዳጅ እንደሆኑ አሳሰበችው። ወንድሙ ከጓሮው አጥር ማዶ ከነሐስ የበር እጀታ እየሠራ የሚሸጥ ነው። እናታቸው ስትሞት ጠጋኙ አዝሎ አሳድጎታል። በዚህ ምድር ላይ የሚሳሳለት ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ፍቅሩን የሚገልጽለት ግን በስድብ ነው።

«ለዚያ ጥላሸት?» አላት። «ጥይትና ማንኪያ አይለይም። ሄዶ ይለፈልፍብኛል።»

ማታ ሲጸልይ ጸሎቱ ወደ ምስጋና፣ ምስጋናው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ዞረ።

በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ተመልሶ መጣ። ጠጋኙ ሲያየው በመካኒኩ ላይ ሞክሮ እንደከሸፈበት አልተጠራጠረም። ነፍስ ማጥፋት ምን ያህል ኃጢአት እንደሆነ የሚናገረውን በአፉ አዘጋጅቶ፣

«ከሸፈብህ?» አለው።

ልብስ ሰፊው አልገባውም። ከመካኒኩ ጋር ታርቀው ሰንብተዋል፤ መካኒኩ ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ እግሩ ላይ ወድቋል። ጠብመንጃውንም ከነደኅኖቹ ጥይቶች ትናንት ከሰዓት ለፖሊስ አስረክቧል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ሲኖር እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ነበር። ይህንኑ ትናንት ለጠጋኙ ሊነግረው ሲል ነበር ያቋረጠው።

ጠጋኙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፖሊሶቹ በእነዚያ በማይተኮሱ ጥይቶች ከተማውን ሲጠብቁ ታየው።

«ታዲያ የሞቱትን ምን አደረግሃቸው? ቀበርካቸው?» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ለወንድምዎ ሰጠኋቸው እንጂ ጋሼ፤ አሁን ከአሮጌ ነሐሱ ጋር ማቅለጫው ውስጥ ሲጨምራቸው ነው ትቼው የመጣሁት።»