አርባ የገባች ሚስት

ሰውዬው ስለ ሴት ገላ የማያውቀው ነገር የለም፤ የጎደለው ሴት ሆኖ አለመፈጠሩ ብቻ ነው። ሚስቱ ፀዳለ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከቤተክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆማ ታስቀድስ ነበር። አሁን ግን ወራት አለፉ፣ ሁልጊዜም ከውስጥ ናት። ይህን ያስተዋለው እሱ ነው። አርግዛ ነው እንዳይል ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«አርባ ሲገባ እንዲህ ነው ልጄ» አሉ ዘጠኝ የወለዱት እናቱ እየተከዙ። «እኔንም በዚሁ ዕድሜ ነው ጥሎኝ የሄደው።» ታናሽ ወንድሙን በአርባ አራት ዓመታቸው መውለዳቸውን እሳቸውም አላነሱት፣ እሱም አላስታወሰው።

ቢሆንም አራት ሴት ልጆች አስወልዶ ያለ ወንድ ልጅ ሊቀር ነው? ፀዳለን አስነሥቶ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

«ያለ ጊዜዋ አርጣብኝ እንዳይሆን ሰግቼ ነው» አለ፤ ሐኪሙ እሷን ሲጠይቅ እሱ እየመለሰ። «አንድ ወንድ እስክትወልድልኝ የሚያቆይ መድኃኒት መቼም አይጠፋም።»

ሐኪሙ «እስቲ እሷ ትናገር» ሊል ሲል ነርሷ ካርድ ይዛ ገባች፤ ፀዳለን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ ፀዳዬ፣ የወር አበባሽ ስለቀረ ሰጋሽ እንዴ? የወሊድ መከላከያ መርፌው እንደሚያስቀር ነግሬሽ የለ? ደግሞ ዛሬ አማትሽን የት ጥለሻቸው መጣሽ?»