ዘርትሁን የበላችበት ቤት

«አንቀጽ ስድስትን እስቲ አንብቢልን» ትለኛለች ናዝራዊት፣ ከወረዳው የወጣቶች ጽሕፈት ቤት የመጣችው ባለሙያ።

የማንኪራ ወጣት ንብ አናቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ አንቀጹንም በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባለሁ። «አባል መሆን የሚችለው ከአባላት በአንዱ ቤት ገብቶ ማዕድ የቆረሰ ነው።»

ዘርትሁን በሩ ላይ ቆማለች። ስታመለክት ይህ ሦስተኛዋ ነው። ከማንጆ ጎሳ ናት፤ በእኛ መንደር ማንጆ ደጅ ላይ ምግብ በቅጠል ይሰጠዋል እንጂ ቤት ገብቶ አይበላም። ናዝራዊት የሌላ አገር ሰው ናት፣ ይህን የነገራት የለም። አምና በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ሠላሳ ቀፎ ስታስረክበን፣ አንቀጹ የመቀራረብ መስሏት ወዳው ነበር።

«ይህቺ ልጅ የማንም ቤት ገብታ አታውቅም» ይላል ሊቀመንበራችን አብነት። «ደንብ ደንብ ነው።»

ናዝራዊት በሩን ታያለች፣ እኛን ታያለች። አሁን ገባት። «ቀፎው የሁሉም ወጣት ነው። ዛሬ ካላስተካከላችሁ ነገ መኪና ይዤ መጥቼ አስጭነዋለሁ።»

እናቴ ያኔ በልጅነቴ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ከተሰማ ጎረቤት ደጃችንን አይረግጥም ብላ። ዘርትሁን አታየኝም፣ መሬት መሬት ታያለች።

«እኛ ቤት በልታለች» እላለሁ። «አራተኛ ክፍል ሆነን፣ ዝናብ ይዞን። ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን፣ ቆጮ በጎመን። ያቀረበችልን እናቴ ናት።»

አብነት ወደ ዘርትሁን ይዞራል። «እውነት ነው?»

«ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር» ትላለች።

ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው አባላችን ከፈለኝ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኛም ቤት በልታለች። አባቴ ሳይኖር።»

አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይከተላል። እኔም እስቃለሁ፤ ስንት ዓመት የተሸከምኩት ከላዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። አብነት በደንቡ መሠረት ስሟን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ናዝራዊት ጣቷን አንቀጽ ስድስት ላይ አሳርፋ ትጠብቀዋለች። አብነት ቀና ብሎ ያየናል፤ እጃችንን እናወጣለን። ይሰርዘዋል።

ስብሰባ ስንዘጋ ብርዝ በአንድ ጣሳ እናዞራለን። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘርትሁን ጣሳው ወደ እሷ ሲቀርብ ከቦርሳዋ የራሷን ኩባያ ታወጣለች፤ የሄደችበት ሁሉ ይዛው ትሄዳለች።

አብነት ጠጥቶ ጣሳውን ያቀብላታል። ተቀብላ ትጠጣና ወደ እኔ ታሳልፈዋለች። ኩባያው ደረቁን ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል።