የውሰት ንባብ

በዚያ ዘመን ልጆች ማንበብ የሚችሉት ከአዋቂ ተውሰው ነበር። ያዋሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ ፊደል አይለይም። የወረዳው ተማሪዎች ሰኔ ላይ ካለፉ ንባቡ ይመለስለታል፤ ከወደቁ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

አስናቁ ንባቧን ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ስታውስ አላመነታችም። ጥር ላይ ግን አማቷ ሊጠይቋት መጥተው፣ የጣሳዎቹን ጽሑፍ መለየት አቅቷት፣ ስኳር መስሏት ሻያቸው ላይ ጨው ጨመረችበት። እሳቸው ጨልጠው ጠጡት። እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በነጋታው ባሏ ደምሰው የጨው ጣሳው ላይ ቀይ ክር አሰረላት፤ በእስክሪብቶም የሆነ ነገር ሞነጫጨረበት።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ጨው ነዋ" አላት።

በወላጆች ቀን ርዕሰ መምህርቷ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ "የወረዳችን ልጆች አልፈዋል፤ ያዋሳችሁን ሁሉ እግዜር ይስጥልን" ሲሉ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። አስናቁ ንባቧን እንደተረከበች የሱቁን ታፔላ፣ የታክሲውን ጥቅስ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ቤቷ ገባች።

መጀመሪያ ያነሳችው የጨው ጣሳውን ነበር።

"አስኒዬ፣ ይህን ካነበብሽ አልፈናል ማለት ነው። በይ አሁን ሻይ አፍዪልኝ፤ በስኳር።"