ወለላ ተላጨች

ምላጩ የመጨረሻዋን ሹሩባ ሲጥላት፣ ጎረቤቷ ዓሊማ ከበለስ አጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ አየች። አየችና ጮኸች።

«ኢና ሊላሂ! ኧረ ወለላ ተላጨች! ኧረ ደጀን ሞተ!»

ቆቦ ላይ ባለትዳር ሴት ራሷን በምላጭ ከተላጨች ሌላ ምን ምክንያት ይፈለጋል? ወለላም ይህን አጥታው አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች እኛው እንላጭሻለን ቢሏት፣ ጸጉሬንስ ከራሴ እጅ በቀር የሚያወርደው የለም ብላ፣ ባሏ ባጃጅ ሊጠራ እንደወጣ ግቢዋ ውስጥ መስታወት ይዛ ተቀመጠች። የረሳችው የዓሊማን ዓይን ብቻ ነው።

«ደጀን ደህና ነው፤ ባጃጅ ሊጠራ ሄዶ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ስሙ ጠፋት። ስሙን ስታሳድድ የቀረውም ተከትሎት ሄደ። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ሆናለች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያደገው እጢ ቃል ይነጥቃታል፣ በተለይ ስትደነግጥ። ቢቸግራት እጇን ወደ አስፋልቱ ዘረጋች።

«መንገድ ላይ ነው! መኪና ገጭቶት ነው!» አለች ዓሊማ፣ ደረቷን እየደቃች።

ግቢው ወዲያው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ ወለላን ከበቧት፤ ከበቧትና ጠበቋት። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ለቅሶ ሲደርስ ሙሾ አውራጇ እሷው ናትና ያለ እሷ ማን ይጀምር? እሷ ግን ላብ በላብ ሆና ስም ፍለጋ ላይ ነበረች። ራሷን በነቀነቀች ቁጥር «አይዞሽ» ይሏታል።

አማቷ እማማ ሚልካ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ገብተው መሬት ላይ ወደቁ። ወለላ ተንበርክካ አቀፈቻቸው። «አይ... እሱ... አይ...» አለች። ሴቶቹ ይብስ ጮኹ።

በዚህ መሀል ባጃጅ በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። ደጀን ገባ፣ ሕዝቡን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለች ዓሊማ።

ሲያለቅሱ የነበሩትን ሳቅ አፈናቸው። እማማ ሚልካ ግን አልሳቁም። ተነስተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ልጄ በእግሩ እየሄደ ተላጨሽበት? ሟርተኛ!»

«እማ፣ ለሕክምናው እኮ ነው» አለ ደጀን። «ዛሬ አይደል የምንሄደው።»

«እሱማ የባሰ ነው! ነቅታ እያወራች ጭንቅላቷን ሊከፍቱት! ገና ጥናት ነው ያሉት እነሱው አይደሉም? የሰው ልጅ መሞከሪያ ነው? ሰው ቢጠፋ አንቺን አገኙ?»

ሴቶቹ የተላጨውን ራስ አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም አንዷ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለቻት። ይህኛው ለቅሶ ለወለላ ነበር፣ ገና በቁሟ።

ደሟ ፈላ። ስንቱን ቀብራ፣ ስንቱን አስለቅሳ፣ ዛሬ በራሷ ግቢ በራሷ ፊት ሊያለቅሱላት! ብድግ አለችና መዳፏን መላጣዋ ላይ አድርጋ፣ በዚያው በሙሾው ዜማ አወረደችው።

«ምላጭ ራስ ቢነካ፣ ለቅሶው ለምንድን ነው?
ማልቀስስ ሞት ያልቅስ፣ ባዶ እጁን የቀረው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ቃል ቢሸሻት ዜማ አይሸሻትም። ዜማው ደግሞ በሩን ከከፈተው ቃሉም ተከትሎ ይገባል።

«ዶክተሩ አልዋሹኝም፣ እማማ» አለች። «እርግጠኛ አይደለንም፣ ገና እያጠናን ነው አሉኝ። አንቺ ታዜሚያለሽ፣ እኛ እየሰማን እጢውን እናወጣለን፤ ዝም ካልሽ እጃችንን እንሰበስባለን አሉ። እኔ ደግሞ ዝም አልልም! ለአገሩ ሁሉ አልቅሼ ለራሴ አፍ ልጣ? ቢፈልጉ ይመርቁኝ፣ ቢፈልጉ ይርገሙኝ። ለቅሶ ግን የለም። እዚህ ግቢ የምታስለቅስ እኔ ነኝ!»

እማማ ሚልካ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ገልብጠው አስተካከሉ።

«ሂጂ እንግዲህ» አሉ። «ያንን ምላስሽን ሳትይዢ ብትመለሺ ግን ወየውልሽ!»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዓሊማ የወለላን ሻንጣ ተሸክማ እስከ ባጃጁ ሸኘቻት፣ ዓይኗን ግን ቀና አላደረገችም።

ደጀን ሻሽ አቀበላት። ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የቆቦ ፀሐይ ራሷን እየለበለባት፣ ገበያተኛው ዞሮ እያያት፣ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የፈራች መስሎት እጇን ያዘ። እሷ ግን ያንኑ የጠፋባትን ስም ፍለጋ ላይ ነበረች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ያለ ዜማ፣ ያለ ግጥም።

መናኸሪያው በር ላይ ባጃጁ ቆመ።

«ደጀን» አለች።

«አቤት?»

«ምንም» አለችና እንደገና ጠራችው።